ታራጎና ወይስ አልሜሪያ

ኤንግራሲያ ፊቷን ልትታጠብ መታጠቢያ ቤት እንደገባች አባቷ በወጥ ቤቱ መስኮት ከጎረቤት ጋር ሲያወሩ ሰማች። በእኛ ሕንጻ ምስጢር የሚባል ነገር የለም። የሁሉም ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት መስኮት የሚከፈተው ልብስ ወደሚሰጣበት የሕንጻው መሃለኛ ክፍተት ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ሽንኩርት ሲከተፍ አንደኛ ፎቅ ዓይን ያነባል። ሽማግሌው ሴኩንዲኖ አንገታቸውን አውጥተው፣ ሁለተኛ ፎቅ አንሶላ ለምታሰጣው ለሚላግሮስ፣ ልጆቻቸው ባሕር ሊልኳቸው መሆኑን እየነገሯት ነበር። «ሬሲደንሲያ ይዘውልኛል» አሉ፤ ድምፃቸው የሠርግ ጠሪ ድምፅ ነበር። «እንደ ድሮው፣ አስራ አምስት ቀን። ታራጎና ወይስ አልሜሪያ፣ አንተ ምረጥ አሉኝ። እስቲ አንቺ ብትሆኚ የቱን ትይዣለሽ?» ከሚላግሮስ እጅ አንድ የልብስ መቆንጠጫ ወደ ታች ወድቆ ሲንቀጫቀጭ ተሰማ። ከዚያ «እሱማ ጋሼ፣ ታራጎና ይቀርባል» አለችና መስኮቷን ዘጋች። ኤንግራሲያ እጇ ላይ የቀዳችው ውሃ በጣቶቿ መሃል እያለቀ ቆማ ቀረች።

ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው። ሬሲደንሲያ የሚለውን ቃል እሷና አባቷ በየራሳቸው ትርጉም ነው የሚያውቁት። የእሷ እኩዮች ሬሲደንሲያ ሲሉ አረጋውያን እስኪሞቱ የሚቀመጡበትን ቤት ማለታቸው ነው፤ በሩ ላይ ጠያቂ የሚፈርምበት መዝገብ ያለው፣ ኮሪደሩ ሾርባና የመድኃኒት ሳሙና የሚሸት። አባቷ ግን ያንን ቤት መነኮሳት ያስተዳድሩት በነበረ ጊዜ በሚጠራበት ስም «መጦሪያ» ነው የሚሉት። ሬሲደንሲያ ለሳቸው ሌላ ነው። የባቡር ፉርጎ ፋብሪካ ውስጥ በብየዳ ሲሠሩ በየበጋው ለሠራተኛው ዕጣ ይጣላል፤ የወጣለት ቤተሰቡን ይዞ ባሕር ዳርቻ ባለው የሠራተኞች ማረፊያ አስራ አምስት ቀን ይሰነብታል። ሬሲደንሲያ ያ ነው። ሴኩንዲኖ በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎት ዕጣው የወጣላቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ታራጎና፣ ከሚስታቸው ከቪሲ ጋር፣ ኤንግራሲያ ገና ሆድ ውስጥ ሳለች። ስለዚያ በጋ ብዙ አያወሩም፤ ሲያወሩ ግን ሁልጊዜ ከአፋቸው የሚቀድመው ያ ቃል ነው።

ትናንት ራት ላይ የተናገረችውን ንግግር አንድ ወር ሙሉ ስታጠናው ነበር የከረመችው። በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ስታጣጥፍ በልቧ ትለዋለች፤ አውቶቡስ ስትጠብቅ ትለዋለች። «አባዬ፣ እኔና ብላስ ሬሲደንሲያ አግኝተንልሃል። ባሕር አጠገብ ነው። ሁለት ከተማ አለ፣ አንተ ምረጥ።» እንዲጮኹ፣ ሳህን እንዲወረውሩ፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዝም እንዲሉ ነበር የተዘጋጀችው። ሽማግሌው ማንኪያቸውን አስቀምጠው «በዕጣ ነው?» አሏት። ቴሌቪዥኑ እየጮኸ ነበር፤ የሚቀልዱ መሰላት። «አይ፣ ዕጣ የለውም» አለች። «እንዲያም ተጀመረ?» ብለው ሳቁና መብላታቸውን ቀጠሉ። እሷም እንዲህ በቀላሉ አለፈ ብላ፣ ሳህን ልታጥብ ተነስታ፣ ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች። አሁን ሲገባት ልቅሶው ራሱ ከንቱ ነበር። ምንም አልነገረቻቸውም ማለት ነው።

ክፉ ልጅ እንዳትመስላችሁ። እኛ ሰፈር በየልጆቻቸው ቤት በተራ የሚዞሩትን አረጋውያን «ሻንጣ አያት» ነው የምንላቸው፤ ሁለት ወር እዚህ፣ ሁለት ወር እዚያ። ሴኩንዲኖ ቪሲ ከሞተች ጀምሮ ስድስት ዓመት ዛራጎዛ ባለችው በኤንግራሲያና ፓምፕሎና ባለው በወንድሟ በብላስ መሃል ሲመላለሱ ኖሩ። ባለፈው ፋሲካ የብላስ ሚስት በቃኝ አለችና ዙሩ ኤንግራሲያ ቤት ላይ ቆመ። ቤቱ ሃምሳ ስምንት ካሬ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የሌለው፤ ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ ከአባቷ በቀር አብሯት የሚኖር የለም። ሽማግሌው ዘንድሮ ሦስት ጊዜ ወድቀዋል። የመጨረሻውን ጊዜ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ወድቀው፣ እሷ ከሥራ እስክትመለስ አራት ሰዓት ሙሉ ራቁታቸውን ተኝተው ቆዩ፤ ስትገባ መጀመሪያ ያሏት ቃል «ውሃውን ዘግቼዋለሁ፣ አታስቢ» የሚል ነበር። ስታነሳቸው ወገቧን ተቀጨች፤ እስካሁን ያማታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ላይ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሞቱ ብላ ትደነግጣለች። አንዳንዴም፣ ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፣ ሞተው ቢሆን ብላ ትመኛለች፤ ስልኩ የሌላ ሰው ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ራሷን ትጠላለች።

ዛራጎዛ ውስጥ ያሉት ቤቶች የሁለት ዓመት ወረፋ አላቸው። ብላስ በኢንተርኔት ያገኘው አንድ የግል ድርጅት ግን ታራጎናና አልሜሪያ ላይ አንድ አንድ ክፍል ክፍት አለኝ፣ አንድ ወር እጠብቃችኋለሁ፣ በመጨረሻው ቀን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ወስናችሁ ደውሉ አላቸው። ያ ቀን ዛሬ ነው። ለእኛ ለዛራጎዛ ሰዎች ታራጎና ጓሮ ማለት ናት፤ ጠዋት ባቡር የያዘ ሰው ምሳ ሳይደርስ እግሩን ባሕር ውስጥ ይነክራል። ኤንግራሲያም በየእሁዱ እየሄደች ልትጠይቃቸው፣ የጠፋ ሹራብ ልታፈላልግ፣ ምን እንዳበሏቸው ልታይ አስባለች። አልሜሪያ ግን የአገሪቱ ሌላኛው ጫፍ ነው፤ ማድሪድ ላይ ባቡር ተቀይሮ ቀኑን ሙሉ የሚኬድበት። አልሜሪያ ያለን አባት በዓመት አንዴ ይጠይቁታል፣ ከዚያ ሊቀብሩት ይሄዳሉ። ስለዚህ ምርጫው የይስሙላ ነበር። «ይምረጥ ግድ የለም፣ ሰው ራሱ የመረጠው ቦታ አይከፋውም» ያለው ብላስ ነው። የሄዱባትን፣ የሚያውቋትን ታራጎናን እንደሚሉ ደግሞ ሁለቱም አልተጠራጠሩም። አሁን ኤንግራሲያ የቀራት ሥራ አንድ ነው፤ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት እውነቱን መንገር።

ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ስለነበር ቁርስ አብረው በሉ። ሴኩንዲኖ ዳቦ ወተት በበዛበት ቡና እየነከሩ፣ ብላስ ትምህርት ቤት ሳለ ይማርበት የነበረውን አትላስ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ ከዛራጎዛ እስከ ሁለቱ ከተሞች በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩ ነበር። ጢማቸውን ተላጭተዋል። ማንም ሳይለምናቸው ሲላጩ አይታ አታውቅም፣ ከቪሲ ቀብር ወዲህ። «አባዬ፣ ትናንት ያልኩህ ነገር እኮ» ብላ ጀመረች። «ሰንደል የለኝም» አሉ ሽማግሌው ዓይናቸውን ከካርታው ሳያነሱ፤ «በዚህ ጥቁር ጫማ አሸዋ ላይ ልወጣ ነው? የሚያየኝ ሁሉ ሬሳ ሊያወጣ የመጣ ነው የሚለኝ።» ሳቀች። መሳቅ አልነበረባትም። ሽማግሌው ሳቋን እንደ እሺታ ቆጥረው፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ባርኔጣቸውን ደፍተው በር ላይ ቆሙ።

ሃምሳ አራቱን ደረጃ ለመውረድ ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው። በየፎቁ ቆም ይሉና ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ባገኙት በር ፊት ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ። አንደኛ ፎቅ ያሉት ወጣት ባልና ሚስት ሁለቱንም ከተማ አያውቁም፤ ግን አልሜሪያ ፀሐይ አይጠፋም ሲባል ሰምተናል አሉ። ጫማ ቤቱ ጥግ ላይ ነው። ባለቤቲቱ ሬሜዲዮስ፣ አቶ ሴኩንዲኖን ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ሳጥን ከላይ ስታወርድ፣ ለስንት ቀን እንደሚሄዱ ጠየቀች። አስራ አምስት ነዋ፣ ሬሲደንሲያ መቼ ከአስራ አምስት ቀን አልፎ ያውቃል አሏት። ሬሜዲዮስ መሰላሉ ላይ እንዳለች ወደ ኤንግራሲያ ዞራ አየች። የራሷ እናት እንደዚያ ያለ ቤት ገብታ ሁለት የገና በዓል ያለፋት ሴት ናት። ወርዳ ተንበረከከችና ሽማግሌው የመረጡትን ክፍት ሰንደል ከእግራቸው አውልቃ፣ ከኋላ የሚታሰር ሌላ አጠለቀችላቸው። «እዚያ የሚፈቅዱት ይሄን ብቻ ነው» አለች።

«አሸዋ ላይ ለመሄድ ፈቃድ ተጀመረ?» አሏት ሴኩንዲኖ።

ሬሜዲዮስ ፊቷ ቀላ። ወለሉ እንዳያንሸራትትዎት ብዬ ነው አለች፣ ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ አጥብቃ። ሳጥኑ ላይ አስራ አራት ዩሮ ከዘጠና ይላል፤ አስር ተቀበለች። ሽማግሌው ሰንደሉን እንዳደረጉ ወጡ፤ መንገዱን ሙሉ ወደ እግራቸው እያዩ፣ ዘንድሮ ዕድል ፊቷን ወደሳቸው እንዳዞረች ይናገሩ ነበር። ዕጣ ሳይጣል ሬሲደንሲያ፣ ሳይከራከሩ ቅናሽ። ኤንግራሲያ ክንዳቸውን ይዛ ጥላ ጥላውን ስትሄድ አሁን ልንገረው ትላለች፤ አሁን፣ ይህችን ዛፍ ስናልፍ። ዛፎቹ አለቁ፣ መጠጥ ቤቱ ደረሱ።

እዚያ ሦስቱ የካርታ ጓደኞቻቸው በየቀኑ በሚቀመጡበት ጠረጴዛ ነበሩ። ሴኩንዲኖ ወሬውን ከነሰንደሉ አሳዩ። ሦስቱም ዓይናቸውን ከሰንደሉ ወደ ካርታቸው መለሱ። እነዚህ ሽማግሌዎች ሞኞች አይደሉም። አምና አምስት ነበሩ፤ አንደኛው አሁን የት እንዳለ ያውቃሉ፣ ሄደው ግን አልጠየቁትም። ኤንግራሲያ አንዳቸው ይናገራል ብላ ጠበቀች፤ እንዲያውም ጸለየች። የመጀመሪያው ጉሮሮውን ጠረገና የታራጎና ውሃ ቀዝቃዛ ነው፣ ለጉልበት አይሆንም አለ። ሁለተኛው ተነሳበት፤ የታራጎና ዓሣ የሚበላ ዓሣ ነው፣ አልሜሪያ ምን አለ፣ አቧራና ቲማቲም። አልሜሪያ ቢራ ስታዝ መክሰሱ በነፃ ነው የሚመጣልህ አለ የመጀመሪያው። ታራጎና ሰዉ በራሱ በካታላን ቋንቋ ያማሃል፣ አይገባህም። ባይገባኝ ይሻለኛል፣ እናንተ ስታሙኝ ይገባኛል አይደል አሉ ሴኩንዲኖ፤ ሁሉም ከሚገባው በላይ ሳቁ። ክርክሩ እየጋለ ሄደ፣ ጠረጴዛ ተደበደበ፣ ባለቤቱ ከባንኮኒው ጀርባ ለአልሜሪያ ድምፁን ሰጠ። ከእውነቱ ያመለጡ ሰዎች እንዴት እንደሚጫወቱ ያን ቀን አየች።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ኡርባኖ ብቻ ዝም ብለው ነበር። ከሴኩንዲኖ ጋር አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ማሽን ላይ የሠሩ ሰው ናቸው። ተነስተው ክንዷን ይዘው በሩ ላይ አወጧት።

«አልነገርሽውም አይደል?»

«ዛሬ እነግረዋለሁ።»

«ዛሬ መቼ? እንደ ሙሽራ ጫማ ገዝተሽለት ትዞሪያለሽ እኮ።»

እንባዋ መጣ። እንዴት እንደምትለው እንደማታውቅ፣ አፏን በከፈተች ቁጥር ሳቅ ይዘው እንደሚቀድሟት ነገረቻቸው። ወገቧንም ነገረቻቸው፣ ገንዳውንም፣ ያልተጠየቀችውን ሁሉ። ኡርባኖ የመንገዱን ማዶ እያዩ ሰሟት። ልጆቻቸው ለሳቸውም ተራውን እንደሚያመጡላቸው የሚያውቅ ሰው ፊት ነበር ፊታቸው። «እኔ ልንገረው?» አሉ በመጨረሻ። ኤንግራሲያ ልቧ በደስታ ዘለለ፤ ሸክሟን ከትከሻዋ የሚያወርድ ሰው መጣ። ይንገሩት አለቻቸው፣ እባክዎ አሁን ይንገሩት። ኡርባኖ ሱሪያቸውን ከፍ አድርገው ገቡ፣ ወንበራቸው አጠገብ ቆሙ፣ የጓደኛቸውን ትከሻ ያዙ። እሷ ከበሩ ሆና ታያለች። «ሴኩንዲኖ» አሉ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋቸው፣ ተላጭተው፣ አፋቸውን ከፈት አድርገው። ኡርባኖ ሰንደሉን አዩ። «አልሜሪያን ያዝ» አሉ፤ «አንዴ የሄድክበት ቦታ ምን ይጎትትሃል።» ከዚያ ተቀምጠው ካርታ መበወዝ ጀመሩ፤ ወደ በሩ ዳግመኛ አልዞሩም።

ምሳ ድንችና ፎሶሊያ ነበር፣ ከዚያ ሐብሐብ። ሴኩንዲኖ ውሳኔያቸውን ከቀትር እንቅልፍ በኋላ እናገራለሁ ብለው፣ ለጊዜው በሁለቱም ወገን ያለውን ክርክር ለኤንግራሲያ አስረዷት። እሷ የሐብሐቡን ፍሬ በቢላ ጫፍ እያወጣች ሳህኑ ጠርዝ ላይ ትደረድራለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክፍላቸው ገቡ። መስኮቱ ሁሉ ከሙቀቱ የተነሳ ተጋርዷል፣ ቤቱ ጨለማ ነው፣ ከመንገዱ ድምፅ የለም። ወጥ ቤት በሩን ዘግታ በሞባይሏ ለወንድሟ ደወለች። ብላስ መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ሳቀ፤ ሳቁን ዋጥ አደረገ። ተዪው እንደመሰለው ይሂድ አላት። እያለቀሰ ከሚሄድ እየሳቀ ቢሄድ ማን ይጎዳል? ሽማግሌ ሁለት ሳምንት ከቆየ ይለምዳል፣ አልጋውን ይለምዳል፣ ሰዉን ይለምዳል። ኤንግራሲያ አስራ ስድስተኛው ቀን ሲደርስስ አለችው። ጠዋት ተነስቶ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ሲቆም ማን ነው የሚነግረው? እዚያ ያለች ደመወዝተኛ? «አንቺ ነሽ የምታውቂው» አለ ብላስ። ከፋሲካ ወዲህ ለአባቱ ያዋጣው ይህችን ቃል ነው። ጠላችው፣ ስልኩን ዘጋችበት፤ ግን ያለው ነገር ውስጧ ቀረ። እያለቀሰ ከሚሄድ እየሳቀ ቢሄድ። ደግማ ደጋግማ ስታስበው እየቀለላት መጣ፤ መቅለሉ አስፈራት።

ከአሥር ሰዓት በኋላ የሽማግሌውን በር አንኳኩታ ገባች። ክፍሉ ድሮ ልብስ መተኮሻ ነበር፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ቁምሳጥን፣ ግድግዳው ላይ የተደገፈ የመተኮሻ ጠረጴዛ፤ ሁለት ሰው ከቆመበት አንዱ መቀመጥ አለበት። ሴኩንዲኖ አልጋው ጫፍ ላይ ሆነው፣ መቀስ ይዘው፣ አዲሱ ሰንደል የማይሸፍነውን የእግር ጥፍራቸውን ለመቁረጥ ይታገላሉ። አይደርሱበትም። መቀሱን ተቀብላ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና እግራቸውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ጥፍሩ ወፍራም ነው፣ ቢጫ ነው፤ በትንሽ በትንሹ ካልሆነ አይቆረጥም። ፊታቸውን ሳታይ መናገር እንደሚቀላት አሰበች። እግሩን ይዞ መናገር ይቀላል።

«አባዬ፣ ታራጎናን ምረጥ» አለች። «ቅርብ ነው። በየእሁዱ እመጣልሃለሁ።»

ሽማግሌው ሳቁ። «በየእሁዱ? በአስራ አምስት ቀን ውስጥ እሁድ ሁለት ነው፣ ግራሲ። ለሁለት እሁድ ባቡር ስትጋፊ?»

አሁን ነበር። መቀሱን ይዛ ቆየች። አይ አባዬ፣ ሁለት አይደለም፣ እሁዱ አያልቅም፤ ይህን ብቻ ብትል ሌላው ራሱ ይከተል ነበር። ሴኩንዲኖ ግን ዝምታዋን ለሌላ ነገር ቆጥረው፣ እጃቸውን ራሷ ላይ አኖሩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ታራጎና የእናትሽ ናት አሏት። ያን ጊዜ በየማታው ባሕሩ ዳር ወጥተን እንቀመጥ ነበር፤ ጫማዋን ታወልቅና እኔ እይዝላታለሁ። አሁን ብቻዬን ሄጄ የት እቀመጣለሁ? ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ፤ ታራጎናን ባየኋት ቁጥር ቪሲ የለችም ማለት ነው። አልሜሪያ ግን ማንም አያውቀኝም፣ እኔም ማንንም አላጣባትም።

«ደሞ ሩቅ መሆኑ ላንቺም ጥሩ ነው» አሉ፤ «ዕረፍቱ የኔ ብቻ አይሁን። አስራ አምስት ቀን ተኝተሽ እደሪ። ገንዳ ውስጥ ወደቀ አልወደቀ ሳትዪ።»

ኤንግራሲያ የመጨረሻውን ጥፍር ቆረጠች። ያወቁ መሰላት፤ ቀና ብላ አየቻቸው፣ አላወቁም። ለልጁ ስጦታ የሰጠ ሰው ደስታ ብቻ ነው ፊታቸው ላይ ያለው። ያን ጊዜ ያልጠበቀችው ነገር ተሰማት። ሩቅ ነው፣ በየእሁዱ መሄድ አይቻልም፣ ማንም በየእሁዱ ሂጂ አይለኝም። እፎይ አለች። እፎይታው ሙሉ ሰውነቷን ሲሞላው አወቀችው፣ ሊያቆመው የሚችል ነገርም ውስጧ ፈልጋ አጣች። ጥፍሮቹን በመዳፏ ሰብስባ ተነሳች። እሺ፣ አልሜሪያ ይሁን አለች፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር።

የቤቱ ስልክ ያለው መግቢያው ላይ ነው። ያነሳችው ሴት ድምፅዋ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፤ ጥያቄዎቿን ከወረቀት ታነባለች። ሙሉ ስም። ዕድሜ፣ ሰማንያ አራት። ስኳር አለባቸው ወይ፣ ሌሊት ይነሳሉ ወይ፣ ብቻቸውን ይበላሉ ወይ። ኤንግራሲያ ሁሉንም መለሰች። «የሚገቡበት ቀን ሐምሌ አንድ ብዬ ልመዝግብ» አለች ሴትየዋ፣ እና በሕጉ መሠረት የምጠይቅዎት ነገር አለ፤ አልሜሪያን የመረጡት በራሳቸው ፈቃድ ነው? የት እንደሚሄዱ ያውቃሉ? ኤንግራሲያ ለመጀመሪያው ጥያቄ አዎን አለች። ሁለተኛውን ያልሰማች መስላ ዝም አለች፤ ሴትየዋም አልደገመችውም።

አባቷ ከክፍላቸው ወጥተው ግድግዳውን እየተደገፉ መጡ። አዲሱን ሰንደል አድርገዋል። «ግራሲ» አሉ፣ ስልክ ላይ መሆኗን እያዩ፣ ጆሮ ለከበደው ሰው እንደሚጮኽ ጮክ ብለው፣ «አንቺም ባሕር ካየሽ ስንት ዓመትሽ ነው? ጠይቂያት እስቲ፣ ሁለተኛውን ሳምንት ላንቺም አልጋ ካላቸው። ጡረታዬ ለሁለታችንም ይበቃል።»

የስልኩን አፍ በመዳፏ ከደነችው፣ ግን ዘግይታ ነበር። ከወዲያኛው ጫፍ የብዕር ድምፅ ቆሟል። ኤንግራሲያ ወደ አባቷ አላየችም፤ ግድግዳው ላይ ያለውን የመብራት ማብሪያ ታያለች።

«ሞልቷል አሉ፣ አባዬ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ሽማግሌውን ቅር አላቸው፤ ቅር ማለታቸውን ሊደብቁላት ፈገግ አሉ። «ግድ የለም» አሉ፤ «ስመለስ ምን እንደሚመስል እነግርሻለሁ» ብለው፣ በአዲሱ ሰንደል ወለሉን እየጠረጉ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ኤንግራሲያ መዳፏን ከስልኩ አነሳች። ሴትየዋ መስመሩ ላይ ነበረች፤ ሁሉንም እንደሰማች ከአተነፋፈሷ ያስታውቃል። ረጅም ዝም አለች፣ ወረቀቱን ልትተወው የምትችል፣ ሌላ ቀን ይደውሉ ልትል የምትችል ሰው ዝምታ። ከዚያ በቀስታ «እንቀጥል?» አለች።

«እንቀጥል» አለች ኤንግራሲያ።